ከዘጌ የተላከ የምስጋና መልእክት፦ ብርሃኔን ለመለሳችሁልኝ ሁሉ

ይህን የምስጋና መልእክት የምጽፍላችሁ ዕድሜዬን ብራና ዳምጬ፣ ቀለም በጥብጬና በቁም ጽሕፈት መጻሕፍትን ገልብጬ ያሳለፍሁ የዘጌ ሰው ነኝ። ሁለቱም ዓይኖቼ በሞራ ተጋርደው ለዓመታት ከሥራዬ ተለይቼ ከቆየሁ በኋላ፣ በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በተደረገልኝ ቀዶ ሕክምና እነሆ ይህችን ደብዳቤ ያለ አንባቢና ያለ ጸሐፊ በገዛ እጄ ለመጻፍ በቅቻለሁ። ምስጋናውን ለየቤታቸው እየዞርሁ ላደርስ እችል ነበር፤ ነገር ግን ከባለውለታዎቼ መካከል ያደረጉልኝን ነገር እኔ ማወቄን የማያውቁ ስላሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲሆን መርጫለሁ።

የዓይን ሞራ ሳያም፣ ዓይንን ሳያቀላና ሳያስለቅስ ቀስ ብሎ የሚመጣ በሽታ በመሆኑ፣ የያዘው ሰው ለረጅም ጊዜ የሚወቅሰው መብራቱን ወይም መነጽሩን ነው። ከእኔ አስቀድመው የራቁት የድጓ ምልክቶች ነበሩ፤ ከቃሉ በላይ በጠባቡ ቦታ የሚሰፍሩት እነዚያ ደቃቅ የዜማ ፊደላት መጀመሪያ ተዋሐዱብኝ፣ ቆይተውም ጨርሰው ጠፉ። ከዚያ የአምላክና የእመቤታችን ስም የሚጻፍበት ቀይ ቀለም ደበዘዘብኝና ከጥቁሩ ለመለየት ብራናውን ወደ መስኮት ማዘንበል ግድ ሆነብኝ። በመካከሉ አንድ የሚያስገርም ነገር ሆኖ፣ ለጥቂት ጊዜ ያለ መነጽር ማንበብ ቻልሁ፤ ጎረቤቶቼም «የየኔታ ዓይን ታደሰ» ብለው ደስ አላቸው። በኋላ ሐኪሟ እንዳስረዱኝ ግን ይህ የመዳን ምልክት አይደለም፤ በዓይን ብሌን ውስጥ ያለው ጥርት ያለ ሌንስ እየጠጠረ ሲሄድ የቅርቡን ለጊዜው አጉልቶ ያሳያል እንጂ ደመናው በዚያው ልክ እየጠነከረ ነው። በዚህ የሚጽናና ሰው በአካባቢያችን ብዙ ስለሆነ ነገሩን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈለግሁም። ከዚያ ወዲያ ጧፍ ሲበራ በዙሪያው ብዥ ያለ ክብ ይታየኝ ጀመር፤ ጠዋት ፀሐይ በጣና ላይ ስታንጸባርቅ ዓይኔን መክፈት አልችልም ነበር፤ በመጨረሻም ሰውን በድምፁ ካልሆነ በፊቱ መለየት ተሳነኝ።

በእነዚያ ዓመታት ቤቴን ያቆመችልኝ ባለቤቴ ናት። ዕቃ ሁሉ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ደንግጋ፣ የሚገባውን እንግዳ ሁሉ ስሙን እንዲናገር አስለምዳ፣ በቡና ዛፎች መካከል ባለው ሥር በበዛበት መንገድ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እየመራች አድርሳኛለች። በጎጃም ምድር ብርሃናቸውን አጥተው ቅኔውንም ዜማውንም በቃላቸው ያስተማሩ ታላላቅ መምህራን መኖራቸውን አውቃለሁ፤ የእነርሱም ትዕግሥት አጽንቶኛል። ይሁን እንጂ ጽሕፈት በቃል የሚያዝ ሙያ አይደለም። የመቃው ብዕር ጫፍ ከመስመሩ ላይ መቆሙን ዓይን ካላየ እጅ ብቻውን ምንም አይሠራም፤ ስለዚህም የቀለሜ ቀንድ ደርቆ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

ለሕፃናት ክትባት ወደ ጎረቤቴ መጥተሽ፣ እኔን ከደጅ ተቀምጬ አይተሽኝ በእጅ ባትሪ ዓይኔን የመረመርሽው የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሆይ፣ የእኔ መንገድ የተጀመረው ከአንቺ ነው። «የኔታ፣ ይህ እኮ የሚወጣ ነገር ነው፤ እርጅና ነው ብለው አይቀመጡ» ብለሽ፣ ስልክ ደውለሽ ቀኑን አስይዘሽ፣ እስክሄድ ድረስ ደጄን አልለቀቅሽም። ያ ሥራ በቀጠሮ ወረቀትሽ ላይ የተጻፈ ግዴታሽ አልነበረም። ልጄ፣ እግዚአብሔር በልጆችሽ ይክፈልሽ።

ከዘጌ እስከ ባሕር ዳር በጀልባ ያሻገርኸኝ ወንድሜም፣ ዋጋውን ስሰጥህ እጄን መልሰህ ዘግተህ፣ ፀሐዩ እንዳያስቸግረኝ ጥላ ይዘህልኝ መጓዝህን አልረሳውም። ስመለስም ከወደቡ ቆመህ ትጠብቀኝ ነበር።

ወደ ሆስፒታሉ ባለሙያዎች ስመጣ ብዕሬ እንዲፈጥን አልፈቅድለትም። አስቀድሞ ዓይኔ በመሣሪያ ተለካ፤ የሚተከለው ሌንስ ለእያንዳንዱ ሰው ዓይን በልክ የሚመረጥ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ ተደረገልኝ፣ ማደንዘዣ ተወጋሁ፣ ከዚያም ፊቴ በጨርቅ ተሸፍኖ ዓይኔ ብቻ ለብርሃን ተተወ። ዶክተር፣ እርስዎ እያንዳንዱን ነገር ከማድረግዎ በፊት «አሁን ውኃ ይሰማዎታል፤ አሁን ጥቂት ጫን ይልብዎታል» እያሉ ይነግሩኝ ስለነበር፣ ፍርሃት የሚገባበት ቀዳዳ አላገኘም። የደፈረሰው ሌንስ በትንሽ መሰንጠቂያ ወጥቶ ንጹሑ ሲተካ፣ ቁስሉ ስፌት እንኳ ሳያስፈልገው ነገሩ የአንድ አጭር ጸሎት ያህል ጊዜ ፈጅቶ አለቀ። ያን ሁሉ ጊዜ እጄን የያዝሽው ነርስ ሆይ፣ ፊትሽን ያየሁት በማግስቱ ነው፤ እጅሽን ግን ከሺህ እጅ መካከል እለየዋለሁ።

ይህ ጥበብ ከማን እንደ ጀመረ ሐኪሟን ብጠይቃቸው፣ የሃሮልድ ሪድሊን ስም ነገሩኝ። እኒህ እንግሊዛዊ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ አብራሪዎችን ዓይን ሲያክሙ፣ ከአውሮፕላን መስኮት የተሰበረ የፕላስቲክ ስባሪ በዓይን ውስጥ ቀርቶ ዓይኑን እንዳላስቆጣ አስተዋሉ። ከዚያ ተነሥተው በ1949 እ.ኤ.አ. ለንደን በሚገኘው ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ ተከሉ። ከዚያ በፊት ሞራው የወጣለት ሰው እጅግ ወፍራም መነጽር አድርጎ ይኖር ነበር። እኒህን ሰው በሕይወት ሳሉ ላመሰግናቸው ባልችልም፣ ስማቸው በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እንዲገኝ ወድጃለሁ።

ዓይኔ ሲገለጥ ከሁሉ አስቀድሞ ያስደነቀኝ ሰማያዊው ቀለም ነው። የቀድሞው ሌንስ ቢጫ ሆኖ ስለ ነበር ሰማያዊውን ብርሃን ሲከለክልብኝ ኖሯል፤ ነጭ መስሎኝ የምለብሰው ነጠላም ለካ በዓይኔ ውስጥ ቡና የነካው ጨርቅ ያህል ጠይሞ ነበር። ሁለተኛው ዓይኔ ከሳምንታት በኋላ ታክሞ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ የጣናን ውኃ፣ የደንገሉን አረንጓዴና የባለቤቴን ሽበት አየሁ። ሽበቷ እኔ ሳላየው የበቀለ ነው።

ብራናዬን ያወረድሁት ከዚያ በኋላ ነው። ዓይኔ ሊጠፋ ሲል የጻፍኋቸውን የመጨረሻ ቅጠሎች ገልጬ ባነብብ፣ መስመሩ የቀና፣ ቀዩ ከቦታው ያልወጣ ሆኖ አገኘሁት፤ በዚያን ጊዜ እንዲህ አጥርቼ ልጽፍ እንደማልችል አውቃለሁና ተገርሜ ወደ ብርሃን አቀረብሁት። ብራናው በምላጭ ተፍቆ እንደገና ተጽፎበታል። እጁ የእኔን እጅ በጣም ይመስላል፤ ነገር ግን «ሐ» ሲጻፍ የመካከለኛዋ እግር ጥቂት ታጥራለች፤ ያን የሚያደርገው ከተማሪዎቼ አንዱ ብቻ ነው። ልጄ ሆይ፣ ሌሊት ሌሊት የተበላሸውን እየፋቅህ ስትጽፍ፣ ጠዋት ደግሞ «የኔታ፣ ዛሬም አምሮልዎታል» እያልህ ስታነብልኝ ከርመሃል። ያን ያደረግኸው እኔ እንዳላዝን ነው። እኔም ባላይ ኖሮ ይህን ሳላውቅልህ እሞት ነበር። ከዓይኔ መመለስ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው ብል አልተሳሳትሁም።

በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የዓይን ጤና ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ መካከል ከመቶ 1.6 የሚሆነው ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፣ ግማሽ ያህሉ ብርሃኑን ያጣው በሞራ ምክንያት ነበር። ይህ ማለት በዘጌ፣ በደቅ ደሴት፣ በቁንዝላና በጎርጎራ ከደጃቸው ተቀምጠው ልጅ የሚመራቸው ብዙ አረጋውያን እንደ እኔ ሊያዩ የሚችሉ ናቸው ማለት ነው። ሁሉም በዚህ ይድናል አልልም፤ ትራኮማ ጠባሳ ያስቀረበት ወይም ግላኮማ የተባለው የዓይን ነርቭ በሽታ የጎዳው ዓይን መንገዱ ሌላ ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ግን ሐኪም እንጂ ጎረቤት ወይም ዓይን በመርፌ የሚነካካ ሰው አይደለም።

ስለዚህ በአካባቢያችን ዓይኑ የደፈረሰበት፣ የሚያሻግረው ወይም እጁን የሚይዘው ሰው ያጣ ቢኖር ወደ እኔ ይላክ። በጀልባው አብሬው እሄዳለሁ፤ ከሐኪሟ በር አድርሼው፣ እስኪወጣም ውጭ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ምስጋና ጋር፣
የዘጌው ቁም ጸሐፊ