ቤት ሆኖ ለውጭ አገር መሥራት፤ ለሐዋሳዋ ወዳጄ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሆዴ፣

እንደምን ከረምሽ? ስንት ጊዜ ሆነን! እናትሽ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ትንሹንስ ቴሌግራም ላይ አየሁት፤ ቁርጥ አባቱን። እኛ ደህና ነን። ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ስለሆነ ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል። መስኮት ዘግቼ ነው የምጽፍልሽ።

ሰሞኑን የላክሽልኝን መልእክት በስልክ ልመልስ ጀመርኩና ተውኩት። "ያንቺ ዓይነት ሥራ እንዴት ነው የሚገኘው? ቢሮው ሰለቸኝ" ነው ያልሽኝ። ለዚህ "ሊንክድኢን ላይ ፈልጊ" ብዬ ላልፍሽ አልፈለግሁም። አረፍ ብዬ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ የእኔን ልንገርሽ፤ ሰው የሚያወራውና እውነቱ አይገናኝም። የምሠራው ለአንድ የእንግሊዝ የሶፍትዌር ድርጅት ነው። ደንበኞች ሲቸገሩ ይጽፋሉ፣ እኔ እመልሳለሁ። ባንክ መስኮት ላይ ሳለሁም ሥራዬ ይኸው ነበር። ልዩነቱ፣ አሁን ማንም ፊቴ ቆሞ አይጮህብኝም። በዚህ ወቅት ሥራ የምጀምረው በእኛ 6 ሰዓት ቀን ላይ ነው፤ ማታ 2 ሰዓት እጨርሳለሁ። መጋቢት ውስጥ እነሱ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ የእኔም በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ጠዋቱ የራሴ ነው።

ለአሜሪካ ብሠራ ግን እንዲህ አይመችም። አሁን የኒውዮርክ ቢሮ ሲከፈት እኛ ጋ 11 ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። ሲዘጋ ሌሊት 7 ሰዓት ይሆናል። አንቺ ደግሞ ሕፃን ይዘሻል። ማስታወቂያ ስታነቢ ከደመወዙ በፊት ሰዓቱን እዪ። ቀጠሮ ሲሰጡሽም በየትኛው ከተማ ሰዓት እንደሆነ ጠይቂ። በሐበሻ ሰዓት አስበሽ የፈረንጅ ቀጠሮ መያዝ አደገኛ ነው።

ወደ ዋናው ልግባ። ሰው ሲጀምር ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። "ሪሞት" (ቢሮ ሳይሄዱ የሚሠራ) የሚል ነገር ባየ ቁጥር ሲቪ ይልካል። ወር ሙሉ መልስ የለም። ከዚያ "ለእኛ አይሰጡም" ብሎ ይተወዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሪሞት ከተባለው ሥራ ብዙው መጀመሪያውኑ ለእኛ አልወጣም። አሜሪካ ውስጥ ተቀምጦ ከቤቱ ለሚሠራ ሰው ነው የወጣው። አንድ ድርጅት በሌላ አገር ያለ ሰው በቋሚነት ልቅጠር ካለ የዚያን አገር የግብርም የጡረታም ሕግ መከተል አለበት። ስለዚህ አይነካካውም። ይህን የምትነግርሽ መስመር ደግሞ ብዙ ጊዜ ታች ተወሽቃ ነው የምትገኘው፤ "አሜሪካ ውስጥ ለመሥራት ፈቃድ ያለው" ትላለች።

እኔ አሁን ማስታወቂያ የማነበው ከታች ወደ ላይ ነው። እንዲህ የሚል ካየሁ እዘጋዋለሁ። "ወርልድዋይድ" ወይም "ኤኒዌር"፣ ማለትም የትም አገር ሆኖ፣ የሚል ከሆነ እቀጥላለሁ። "ኢሚያ" የሚለውም ይሆንሻል፤ አውሮፓን፣ መካከለኛው ምሥራቅንና አፍሪካን ያጠቃልላል። አንዳንዱ ከሰዓታቸው ሁለት ሦስት ሰዓት የማይርቅ ሰው ብቻ ይፈልጋል። እኛ ለአውሮፓ ቅርብ ስለሆንን ይህ ይጠቅመናል። "ኮንትራክተር" የሚለውን ደግሞ አትፍሪው፤ ቋሚ ሠራተኛ ሳይሆኑ በውል መሥራት ማለት ነው። የዓመት ፈቃድ፣ የጡረታ መዋጮ፣ እነዚህን አትጠብቂ። ግብርሽም የራስሽ ጣጣ ነው። ግን እኛን የሚቀጥሩት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። ብዙዎቹ ውሉንም ክፍያውንም እንደ ዲል ባሉ አገናኝ ድርጅቶች በኩል ነው የሚጨርሱት።

በዚህ ዓይን ስታጣሪ በሳምንት የሚተርፍሽ ጥቂት ነው። ይሁን። ለእያንዳንዱ ግማሽ ቀን ስጪው።

ሌላው ያናደደኝ "የኮምፒውተር ሙያ የለኝም" ያልሽው ነው። አንቺ እኮ ሒሳብ ሠራተኛ ነሽ! አሁን ሰው ሁሉ ኮዲንግ ተማሪ ይልሻል። አምስት ሚሊዮን ኮደርስ የሚባለው የመንግሥት ሥልጠና በነፃ ስለሆነ መማሩ አይከፋም። ግን ለዓመታት የሠራሽበትን ትተሽ ከዜሮ የምትነሺበት ምክንያት አይታየኝም። እንግሊዝም አሜሪካም ያሉ ትንንሽ የሒሳብ ቢሮዎች የደረሰኝ መዝጋቢ፣ የባንክ ሒሳብ አስታራቂ፣ የአቅራቢ ክፍያ ተከታታይ ይፈልጋሉ። ይህን በፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር ስትሠሪው ኖረሻል። እነሱ የሚጠቀሙት ግን ኩዊክቡክስ ኦንላይንን ነው፤ እንግሊዞቹ ደግሞ ዚሮ የሚባለውን የኒውዚላንድ ሶፍትዌር ይወዳሉ። ሁለቱም ለሒሳብ ባለሙያዎች በኢንተርኔት የሚሰጡት ሥልጠናና የምስክር ወረቀት በነፃ ነው። ፒችትሪ ለሚያውቅ ሰው አይከብድም፤ ዴቢትና ክሬዲት የትም አገር ያው ነው።

ጊዜውም ጥሩ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በግሉ የሚሠራ ሰው ግብሩን በኢንተርኔት የሚያሳውቅበት የመጨረሻ ቀን ጃንዋሪ 31 ነው፤ በእኛ ጥር 23። የአሜሪካው ኤፕሪል 15፣ ማለትም ሚያዝያ 7። ከዚያ በፊት ያሉት ወራት ለሒሳብ ቢሮ ጭንቅ ናቸው። ሰው የሚያጥራቸው ያኔ ነው። ወረቀትሽን አሁን አዘጋጂ።

ማስረጃ ይጠይቁሻል። የመሥሪያ ቤትሽን ሰነድ ማሳየት ፈጽሞ አይሆንም፤ ምስጢር አውጪ ትባያለሽ። የሌለ ቡና ቤት ፍጠሪ። የሁለት ወር ሽያጩን፣ ወጪውን፣ የባንክ መግለጫውን ራስሽ አበጂና በሶፍትዌሩ ዝጊው። ከዚያ ስክሪንሽን ሉም በሚባለው የስክሪን መቅረጫ ቀርጸሽ በድምፅሽ አስረጂ። አጭር ይሁን። እንግሊዝኛሽም አብሮ ይታያል። የእኔ አለቃ ሲቪዬን ሳይሆን እንዲህ ያለ ቪዲዮዬን አይቶ እንደጠራኝ ነግሮኛል።

ሲቪሽ እንደገና መጻፍ አለበት። የለመድነው ሲቪ ፎቶ አለው፣ የትውልድ ቀን አለው፣ "ያገባች" ይላል፣ አንዳንዱ ሃይማኖት ሁሉ ያስገባል። እንግሊዝና አሜሪካ ይህን አይፈልጉም፤ አድልዎ እንዳይባልባቸው ይሸሹታል። ሁሉንም አውጪው። ዓመተ ምሕረቱን ደግሞ ቀይሪ። በ2007 ተመረቅሁ ካልሽ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያነቡት። ያኔ እኔና አንቺ ገና ሰባተኛ ክፍል ነበርን! 2015 በይ።

ስም ላይም ተጠንቀቂ። "ላስት ኔም" ሲልሽ አንዱ ጋ የአባትሽን፣ ሌላው ጋ የአያትሽን እንዳታስገቢ። የፋይዳሽ፣ የፓስፖርትሽና የባንክ ሒሳብሽ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ አንድ መሆኑን ዛሬ ነገ ሳትዪ አረጋግጪ። በአንድ ፊደል ልዩነት ገንዘብ ይታገዳል። ሥራ ካገኘሽ በኋላ ይህን ለማስተካከል መሯሯጥ ፈተና ነው።

ማመልከቻ ደብዳቤውን አሳጥሪ። "ክቡራን" ብሎ ጀምሮ "በትሕትና አመለክታለሁ" የሚል ይቅር። የመጀመሪያው መስመር እነሱ የጠየቁትን ሥራ ሠርተሽ እንደምታውቂ ይናገር። ሁለተኛው ሰዓታቸው እንደሚመችሽ። ቻትጂፒቲን ሰዋስው አስተካክሊልኝ ልትዪው ትችያለሽ፤ ሙሉውን ጻፊልኝ ግን አትበዪው። ቀጣሪዎቹ በየቀኑ ያንኑ ጽሑፍ ከተለያየ ሰው ስለሚያነቡ ወዲያው ያውቁታል።

አፕወርክ ስለሚባለው የሥራ ማገናኛ ድረ ገጽም ጠይቀሽኛል። ይሆናል፣ ግን ወጪ አለው። ለእያንዳንዱ ማመልከቻ "ኮኔክት" የሚባል የማመልከቻ ነጥብ ታወጫለሽ፤ አንዱ 15 የአሜሪካ ሳንቲም ነው፣ ለአንድ ሥራ ብዙ ሊጠየቅ ይችላል። ፋይቨር የሚባለው ተመሳሳይ ድረ ገጽ ደግሞ ካገኘሽው ላይ 20 በመቶ ይቆርጣል። እኔ ብሆን ዋናውን ጉልበቴን ሊንክድኢን፣ ዊ ወርክ ሪሞትሊና ሪሞት ኦኬ የሚባሉት የሥራ ማስታወቂያ ያለባቸው ድረ ገጾች ላይ አውል ነበር። የአገር ቤቶቹ የቴሌግራም ቻናሎችም አልፎ አልፎ ጥሩ ነገር ያወጣሉ።

ቴሌግራም ካነሳሁ አይቀር፣ "ቪዲዮ ላይክ አድርጊና ይከፈልሻል" የሚለውን አታምኚ። መጀመሪያ ትንሽ ብር ይልካሉ፣ ሲያምኗቸው "ተቀማጭ አስገቢ" ይላሉ። ለምዝገባ፣ ለሥልጠና፣ ለላፕቶፕ ክፈይ ያለሽ ሁሉ ሌባ ነው። አካውንትሽን ወይም መታወቂያሽን አከራዪኝ የሚልም አለ። እሺ ካልሽው በስምሽ ምን እንደሚሠራ አታውቂም። "ሥራው ሪሞት ነው፣ ግን መጀመሪያ ታይላንድ ነይ" የሚል ካጋጠመሽ ደግሞ ስልኩን ዝጊ። የኮምፒውተር ሥራ ተብለው ሄደው ምያንማር ውስጥ ምያዋዲ አካባቢ በግዳጅ ሰው ሲያጭበረብሩ የተገኙት ኢትዮጵያውያን በመቶዎች ይቆጠራሉ። 2017 ላይ ሲለቀቁ ዜናውን ሰምተሻል።

ነፃ ሥራ የሚያሠሩም አሉ። እኔን አንዱ ድርጅት "ፈተና ነው" ብሎ ሳምንት ሙሉ የደንበኞቹን ጥያቄ አስመለሰኝና ጠፋ። ፈተና ከአንድ ሁለት ሰዓት ካለፈ "ክፍያ አለው ወይ?" ብለሽ ጠይቂ። ደህና ድርጅት በዚህ አይቀየምሽም።

ቃለ መጠይቁን በቪዲዮ ነው የሚያደርጉት። እኔ ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ በር ዘግቼ፣ ስለ ራሴ በጀመርኩበት ሰዓት "ቆራሌው!" የሚለው ሰውዬ መስኮቴ ሥር ደረሰ። ጠያቂዋ ምን እየዘፈነ ነው አለችኝ። አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ ነው ብዬ አስረዳሁ፤ ሳቀች፣ ድባቡም ፈታ አለ። ይልቅ የሚያሳስባቸው መብራትና ኢንተርኔት ነው፤ ሳይጠይቁሽ አንቺ ቀድመሽ ንገሪያቸው። የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ያዢ። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩን የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ ግዢ። "መብራት ቢጠፋ ይህን ያህል ሰዓት እቆያለሁ" ስትያቸው ከተስፋ ቃል በላይ ያሳምናቸዋል።

ገንዘቡ እንዴት ይደርሳል? ብዙ ሰው ፔዮኒር የሚባለውን የኢንተርኔት የገንዘብ መቀበያ ይጠቀማል። በቀጥታ በባንክ ሐዋላም ይላካል፤ መሃል ላይ ያሉት ባንኮች ግን ይቆራርጡታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ነገሩ ተቀይሯል። 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ከውጭ የሚላክለት ሰውም የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ይችላል። የእኔ ባንክ የሥራ ውሌን ጠይቆኛል፤ አንቺም አዘጋጅተሽ ሂጂ። ቀጣሪው አሜሪካዊ ከሆነ ደብሊው ኤይት ቤን የሚባል ፎርም ያስፈርሙሻል። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግብር ከፋይ አይደለሁም ማለት ነው፣ አትደንግጪ።

ማንም የማይነግርሽን ደግሞ ልንገርሽ። ቤተሰብና ጎረቤት ሥራ የያዝሽ አይመስላቸውም። እማዬ እስካሁን "ቤት ነሽ አይደል?" ትለኛለች፤ ቀጥሎ ሽንኩርት ግዢ ይመጣል። ጎረቤት ልጄን ያዢልኝ ብሎ ይመጣል፣ "ቡና ፈልቷል" ይባላል። በር መዝጋት ባህላችን አይደለም። ባልሽንና እናትሽን አስቀድመሽ አስቀምጠሽ ተነጋገሪ፤ በነዚህ ሰዓታት ቢሮ ነኝ በያቸው። ልጅ የሚይዝልሽ ሠራተኛ ካላገኘሽ ግን ሕፃን ይዞ ይህ ሥራ አይሞከርም፤ እውነቱን ልንገርሽ።

አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ ብለሽ የመንግሥት ሥራሽን እንዳትለቂ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደመወዞች እጅሽ ይግቡ። እኔ ባንኩን የለቀቅሁት እንደዚያ ነው።

ሲቪሽን በወርድ ላኪልኝ፤ በፒዲኤፍ ከሆነ ማረም አልችልም። የቡና ቤቱን ሒሳብ ከጨረስሽ እሱንም ጨምሪ፤ የባንክ ማስታረቂያው ልክ መሆኑን የሚያይልኝ ሒሳብ የሚያውቅ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ደውይ፤ ከሰዓት በኋላ የእድር ስብሰባ አለብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ።

የአንቺው