ልጄ፣ ያቺን ወረቀት አትፈርሚ

ልጄ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። አብሽሪ እናቴ፣ አብሽሪ።

ትናንት ከመግሪብ በኋላ አንድ ዘመድ ከደሴ ደውሎ «ሽማግሎቹ ነገሩን ጨርሰውታል፣ የቀረው የልጅቷ ፊርማ ብቻ ነው» አለኝ። እሱ ምሥራች የነገረኝ መስሎታል፤ እኔ ግን እስኪነጋ ዐይኔ አልተከደነም። በስልክ ካወራን ታለቅሻለሽ፣ አንቺ ስታለቅሺ ደግሞ እኔ መናገር ያቅተኛል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ባልሽ ከሞተበት የመኪና አደጋ ሹፌር ጋር ታረቂ ብለው ያመጡልሽን ወረቀት አትፈርሚ።

ሽማግሎቹን አክብሪ፣ ቡና ይፈላላቸው፣ ከዚያ «አባቴ ሳያየው ምንም አላደርግም» በያቸው። በእኔ አመካኚ። ትላልቅ ሰዎች ቤትሽ ተደርድረው ሲለምኑሽ እምቢ ማለት እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰው ፊት አፍሽ አይፈታም።

እርቁን ጠልቼ አይደለም። የወሎ ሰው ሆኖ እርቅ የሚጠላ የለም፤ አስታራቂዎቹ አበጋሮቻችን ስንት ደም አድርቀዋል። ሹፌሩም ሆን ብሎ አልገደለውም። ቤተሰቡ አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ ይቅር በዪው፣ ፋቲሃ ይቀራ፣ እኔም መጥቼ እቀመጣለሁ። ግን ከወረቀቱ መጨረሻ ላይ «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ካሳ አልጠይቅም» የምትል መስመር አለች አሉ። ሹፌሩ የእርቁን ወረቀት ለወንጀል ችሎቱ አቅርቦ ቅጣቱ ቢቀልለት አይከፋኝም። ያቺ መስመር ግን የተጻፈችው ለሹፌሩ አይደለም፤ ለባለመኪናው ናት።

«ሹፌሩ ደሃ ነው፣ ከየት አምጥቶ ይከፍላል» እያሉ አንጀትሽን እንደሚበሉት አውቃለሁ። እኔም አዝንለታለሁ። ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ የሚያደርገው የመኪናውን ባለቤት ነው፤ መሪውን ባይነካም፣ የራሱ ጥፋት ባይኖርበትም። የሦስተኛ ወገን መድንም አለ። በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 799 መድኑ ለሞት የሚከፍለው ከ5 ሺህ እስከ 40 ሺህ ብር ነበር፤ አሁን ስንት እንደሆነ ጠበቃውን እጠይቃለሁ። ከዚያ በላይ ያለው ከባለቤቱ የሚጠየቅ ነው። ሽማግሎቹ ያመጡት ብር ከዚህ ሁሉ ጋር ተመዝኖ ነው? ማንም አልመዘነውም።

የወንጀሉን ክስ ዐቃቤ ሕግ ይዞታል፣ እሱ የመንግሥት ነው። ሹፌሩ ነጻ ቢወጣ እንኳ የአንቺን የካሳ ክስ አይዘጋውም። ይህን ማንም እንዳያደናግርሽ።

«ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው፣ ቀደርን መክሰስ ነውር ነው» ያለሽም አለ ተብያለሁ። ወላሂ ልቤ ተቃጠለ። ቀደሩንማ በሁለት እጃችን ተቀብለናል፤ ቀብረነዋል፣ ሰደቃውን አውጥተናል። አባቱ የሞተበት የየቲም ሐቅ ግን የአንቺም የእኔም አይደለም፣ ልንተወው አንችልም። ቁርኣን ስለ የቲም ገንዘብ ምን እንደሚል ከእኔ የተሻለ ታውቂያለሽ።

አጎትሽን አላወቅሽውም። ታላቄ ነበር፣ ቁመቱ እንደ ወንድምሽ ነበር። እዚህ ኮምቦልቻ፣ ስሙን ከማልጠራው ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይዞት ሞተ። ሚስቱ ቀድማ ስለሞተች ሁለቱን ሴት ልጆቹን የያዘችው አያትሽ ነበረች። አርባው ሳይወጣ ሰዎች አንድ ኩንታል ጤፍና በፖስታ የታሸገ ብር ይዘው መጡ፤ በጣም ትሑት ሰዎች ነበሩ፣ አልቅሰዋልም። ከዚያ ወረቀት አወጡ። አያትሽ ማንበብ አትችልም። እኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከወረቀቱ ላይ የወንድሜን ስም ለየሁ፣ ሌላው በተጠላለፈ የእጅ ጽሑፍ ስለነበር አልገባኝም። አውራ ጣቷን ይዘው ሐምራዊ ቀለም ካስነኩ በኋላ ወረቀቱ ላይ ጫኑት። በማግስቱ ሊጥ ልታቦካ ስትል ቀለሙ ከጥፍሯ ሥር አልለቅ አላት፤ በአመድ አሸችው፣ በሎሚ አሸችው፣ በመጨረሻ በግራ እጇ አቦካች። ጤፉ ሲያልቅ ሄዳ «ለልጆቹስ?» ብትል ወረቀቱን አወጡላት። በር ላይ የተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ አነበበላት፤ «ካሳዬን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ» ይላል። ሁለቱ ልጆች ሰው ቤት ገቡ። ትልቋ ጅዳ ሄዳ እንደቀረች ታውቂያለሽ፤ ለምን እንደሄደች ግን ነግሬሽ አላውቅም። አያትሽ እስክትሞት «ያን ቀን አንድ የሚያነብልኝ ሰው ቢኖር» ትል ነበር። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። አንቺ ማንበብ ትችያለሽ ልጄ፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል ያደረስኩሽ በከንቱ አይደለም። አትፈርሚ።

የባለቤትሽ ወንድም ነገሩን እያቻኮለው ነው አሉ። ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ለቅሶው ላይ ያደረገውን አይቻለሁ። ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2095 ስለ ሞት ካሳ መጠየቅ የሚችሉት ሚስት፣ ልጆችና ወላጆች ናቸው። ወንድም የለበትም። አማትሽ የራሳቸው መብት አላቸው፤ እሳቸውን እንዳታስቀይሚ፣ አብረን እንከሳለን። እሱ ስለ አንቺም ስለ ልጆቹም መፈረም አይችልም።

አሁን የምልሽን አድርጊ። የኒካሕ ወረቀታችሁን፣ የልጆቹን የልደት ካርድ፣ የብየዳ ቤቱን ንግድ ፈቃድና የግብር ደረሰኞች፣ የባንክ ደብተሩን አንድ ላይ አስቀምጪ። የበርና የመስኮት ትዕዛዝ ከነቀብዱ የሚመዘግብባት ያቺ ዘይት የነካት ደብተር የት አለች? ፈልጊያት። በወር ስንት እንደሚያስገባ የምትመሰክረው እሷ ናት፤ ካሳውም የሚሰላው እሱ ለቤቱ ከሚያመጣው ነውና። ስልኩን ለማንም አትስጪ፣ ሲሙንም አታውጪ። የብየዳ ማሽኑን እንዳትሸጪ። የሰደቃና የቀብር ወጪውን ከነደረሰኙ ያዢ። አደጋው በእኛ በኩል፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ስለሆነ የትራፊክ ፖሊሱን ፕላንና የሆስፒታሉን የምርመራ ወረቀት እኔ አወጣለሁ። ጉዳቱ በደረሰበት ቦታ መክሰስ ስለሚቻል ባለመኪናው አዲስ አበባ ነው ብለው አያስፈራሩሽ። ለዳኝነት የሚከፈል ካጣን በደሃ ደንብ ማመልከት አለ፤ አታፍሪበት።

ኢዳሽ፣ ለባልሽ ቤት የምትቀመጪበት ጊዜ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው፤ ተቀመጪ፣ ማንም አያጣድፍሽም። ለግድ ጉዳይ በቀን መውጣት እንደሚፈቀድ ሸኹ ነግረውኛል፤ እኔን ለምትወክይበት ውክልና ብቻ አንድ ቀን ወጥተሽ ትፈርሚያለሽ። የምትፈርሚው እሱን ብቻ ነው። ከዚያ ፍርድ ቤት የምመላለሰው እኔ ነኝ፤ አባት ስለ ልጁ መቆም ይችላል። ክሱን ለማቅረብ ሕጉ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው የሚለው። ረጅም ይመስላል፣ አይደለም። ሽማግሌ እያመላለሰ ጊዜ የሚበላው ለዚህ ነው።

ስለ ኀዘንሽ ደግሞ ልንገርሽ፤ ከሰው ከምትሰሚው እኔ ልንገርሽ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለኅሊና ጉዳት ከ1,000 ብር በላይ አይሰጥም። ሳነብ ተናደድኩ። ያ ብር ያንቺን ሰው ዋጋ የሚናገር እንዳይመስልሽ። የምንከራከረው ልጆቹ ባጡት እንጀራ ነው። «ገንዘብ አይመልሰውም» ይሉሻል። አዎ አይመልሰውም። ትልቋ ግን መስከረም ላይ ደብተር ትፈልጋለች፣ ትንሹ ገና ጫማ የለውም።

ትንሹ ያስላል አሉ። የጦሳ ተራራ ብርድ ለሕፃን አይሆንም፣ ማታ ሹራብ አልብሺው፤ ካልተሻለው ሐኪም ቤት ይሂድ። አንቺም ብይ። እህል እንደማትቀምሺ ሰምቻለሁ፣ በዚህ አዝኜብሻለሁ፤ ጡት የምታጠባ ሴት አትጾምም።

እናትሽ ሐሙስ በጠዋቱ መኪና ትመጣለች፣ እስክትበረቺም እዚያው ትቆያለች። ሽማግሎቹ ከሷ በፊት ከመጡ ወረቀቱን ተቀበያቸውና ፎቶውን ላኪልኝ፤ እስክሪብቶ ግን አትንኪ።

አባትሽ
ከኮምቦልቻ