ለክበባችን አባላት፦ ስለ መጪው ሳምንት

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የክበባት ሳምንት ሰኞ ይጀምራል። ሰኞና ማክሰኞ የክፍል ለክፍል እግር ኳስ ነው፤ ሰዓቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።

እኔን በጣም የሚያጓጓኝ የረቡዑ የመጀመሪያ እርዳታ ልምምድ ነው። ልቡ የቆመ ሰው ሲያጋጥም ደረቱን መሃል ላይ በሁለት እጅ መጫን ያስፈልጋል፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። ግን ክንድ ቶሎ ይዝላል፤ በየ2 ደቂቃው መቀያየር የሚመከረውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ኑ።

ሐሙስ ክርክር አለ። እባካችሁ፣ ዝምተኞቹን ልጆች አትርሷቸው። ባለፈው አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ የጻፈችውን ወረቀት አራት ቦታ አጥፋ ይዛ ስትጠብቅ ደወል ተደወለ። ወረቀቱን ሳትዘረጋው ወደ ክፍሏ ሄደች። እስካሁን ይከነክነኛል። በዚህኛው የመጀመሪያው ተራ ለአዲሶቹ ይሁን።

ዓርብ ወላጆች ይመጣሉ። ወንበር የሚደረድሩ 6 ልጆች ያስፈልጉናል። የምትችሉ እስከ ረቡዕ ንገሩኝ።