ሴኡል ላለችው ልጄ፣ ስለ አንድ የሙዚቃ ዓመት

ሚጡዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ብርዱስ እንዴት እያደረገሽ ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል፣ ሰላም ብሎሻል።

ባለፈው ስንደዋወል ያልሽኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነው ወረቀት ያነሳሁት። የክፍልሽ ልጆች እነዚያን ኩባንያ አሠልጥኖ የሚያወጣቸውን የኮሪያ ዘፋኞች አንስተው «አይዶል የኩባንያ ዕቃ እንጂ ሙዚቃ አይደለም» ብለው ሲስቁብሽ መልስ አጣሁ አልሽኝ። በስልክ ልመልስልሽ ብል ኔትዎርኩን ታውቂዋለሽ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ስለዚያ ሀገር ያላነበብኩት፣ ያላየሁት የለም፤ ወንድምሽማ «እማዬ ኮሪያዊት ሆናለች» እያለ ያሾፍብኛል። አይዞሽ፣ በኮሪያ ጦርነት ስለዘመተው ቃኘው ሻለቃ አልጽፍልሽም፤ እሱን ያገኘሽ ሁሉ ሲነግርሽ ይከርማል። የምጽፍልሽ ስለ አንድ ዓመት ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር ስለ 1996። እኔ ያኔ የሃይስኩል ተማሪ ነበርኩ፤ ስለዚህ የዚያን ጊዜዎቹ የሴኡል ልጃገረዶች እኩዮቼ ናቸው፣ ብፈርድላቸው አትፍረጂብኝ።

ዓመቱ በለቅሶ ነው የጀመረው። ጃንዋሪ 6፣ በእኛ የገና ዋዜማ፣ ኪም ክዋንግሶክ ሞተ። 31 ዓመቱ ነበር። ዳንስ የለው፣ የሚያብረቀርቅ ልብስ የለው፤ ጊታሩንና ሃርሞኒካውን ይዞ ዴሃንግኖ በሚባለው ሰፈር ሃክጆን የተባለች ትንሽ ቲያትር ውስጥ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ይዘፍናል። በትንንሽ ቲያትሮች ያቀረበው ዝግጅት ከመሞቱ በፊት በነበረው ክረምት 1,000 ሞልቶ ነበር። ለውትድርና ስለሚሄድ ልጅ የዘፈነው አለ፤ ልጁ ለወላጆቹ ሰግዶ ተሰናብቶ፣ በባቡር ወደ ማሰልጠኛ ይሄዳል። ምንም ጩኸት የለውም። ወንድ ልጅ ሁሉ ወታደር በሚሆንበት ሀገር ያንን ዘፈን የማያውቅ ቤት ያለ አይመስለኝም። ትርጉሙ ከሥር እየተጻፈ ሰማሁትና የዚያን ቀን እራት መሥራት አቃተኝ።

ሃክጆንን የከፈተው ኪም ሚንጊም ዘፋኝ ነበር። በ1970ዎቹ መንግሥት ዘፈኖቹን አገደበት፤ ተማሪው ግን በየሰልፉ ይዘፍናቸው ነበር። የታገደ ሰው ለሌሎች መድረክ ሠራ ማለት ነው። ቲያትሩ በማርች 2024 ተዘጋ፤ ባለቤቱም በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ አረፈ። ብዙም ሳይቆይ በሌላ ስም ተከፍቷል ይላሉ፤ ለክዋንግሶክ የቆመለት መታሰቢያ በሩ ላይ አለ፣ ሄደሽ እይልኝ።

በዚያው በጃንዋሪ 31 ደግሞ ሶ ቴጂና ጓደኞቹ በቃን አሉ። ይሄኛውን ታውቂዋለሽ። የሄቪ ሜታል ባንድ ቤዝ ተጫዋች የነበረ፣ ሃይስኩል ያቋረጠ ልጅ ነው፤ በ1992 ከሁለት ዳንሰኞች ጋር ራፕ ይዞ ቴሌቪዥን ላይ ሲቀርብ ዳኞቹ ዝቅ ያለ ነጥብ ሰጡት፣ የሀገሩ ወጣት ግን በሳምንታት ውስጥ ተከተለው። አራት አልበም ካወጣ በኋላ፣ 24 ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ አዲስ ነገር መፍጠር አጥንት የሚፍቅ ሥቃይ ሆነብን ብሎ ተሰናበተ። ልጃገረዶች ቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

አሁን ልብ ብለሽ አንብቢኝ። በ1995 ያወጡት አራተኛው አልበም ላይ «ሺዴ ዩጋም» የሚባል ዘፈን ነበር። ያኔ ግጥም ሁሉ አልበሙ ሳይወጣ በፊት ለአንድ ኮሚቴ ይቀርባል፤ ኮሚቴው ይህን ስንኝ ቀይር፣ ያንን አውጣ ይላል። ሶ ቴጂ አልቀይርም አለ። ግጥሙን እንዳለ አነሳውና ሙዚቃውን ብቻ አወጣው። እስቲ አስቢው፦ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ገንዘቧን አጠራቅማ ካሴቱን ትገዛለች፣ እዚያ ዘፈን ላይ ስትደርስ ከበሮና ጊታር ብቻ ትሰማለች፣ የሰው ድምፅ ግን የለም። ማን እንደወሰደው ደግሞ ታውቃለች። እኛም በደርግ ጊዜ ግጥም ሳንሱር ሳያልፍ አይታተምም ነበርና ይሄ ነገር ለእኔ ሩቅ አይደለም፤ የእኛዎቹ ግን ባዶውን ቦታ ለአድማጭ አሳይተውት አያውቁም።

ከዚያ በፊት ጆንግ ቴቹን የሚባል ባለ ጊታር በ1990ም በ1993ም ለኮሚቴው ሳያሳይ አልበም አውጥቶ ነበር። ተከሰሰ፣ እሱም ጉዳዩን እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ይዞት ሄደ። ከጁን 1996 ጀምሮ ቅድመ ምርመራው በሕግ ቀረ፤ በኦክቶበር 31 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ድሮም ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ነበር ብሎ ፈረደ። ስለ ጆንግ ቴቹን የክፍልሽን ልጆች ጠይቂያቸው። ግማሾቹ እንደማያውቁት እወራረዳለሁ።

ታዲያ ማኅተም የያዘው የኮሚቴ ሰውዬ በወጣ በሦስተኛው ወር ኮንትራት የያዘው የኩባንያ ሰውዬ መድረኩን ተረከበ። ሴፕቴምበር 7 ኤች ኦ ቲ ብቅ አሉ፤ አምስት ልጆች፣ አንደኛው ከሎስ አንጀለስ የመጣ። የሰበሰባቸው ሊ ሱማን ራሱ በ1970ዎቹ ፎልክ ይዘፍን የነበረ፣ በኋላ ካሊፎርኒያ የተማረ ሰው ነው። ምን ዓይነት ቡድን ትፈልጋላችሁ ብሎ ተማሪዎቹን አስጠይቆ፣ ልጆቹን መርጦ፣ አሠልጥኖ፣ አልብሶ አወጣቸው። የክፍልሽ ልጆች የሚሉት ፋብሪካ ይሄ ነው፣ አልክድም።

ግን የመጀመሪያው ዘፈናቸው ስለ ምን ነበር? ትምህርት ቤት ውስጥ ስለሚደበደብ ልጅ። ኩባንያው አጥንቶ ደርሶበት ይሆናል፤ ለተደበደበው ልጅ ግን ማን እንዳጠናው ምኑ ነው? ቀጥለው ደግሞ «ካንዲ»ን ይዘው መጡ፤ ትልልቅ የሱፍ ጓንት፣ ለስላሳ ኮፍያ፣ ጀርባቸው ላይ ቁጥር። ቪዲዮውን ሳየው በሳቅ ሞትኩ። አንቺ እኮ በ2022 ኤን ሲ ቲ ድሪም ሲዘፍኑት ነው የምታውቂው፣ የእነሱ መስሎሽ።

ከሶ ቴጂ ሁለት ጓደኞች አንዱ፣ ያንግ ህዩንሶክ፣ በዚያው ዓመት የራሱን ትንሽ ድርጅት ከፈተ። የመጀመሪያ ቡድኑ ከሰረበት። ያ ድርጅት ኋላ ዋይ ጂ ሆነና ብላክፒንክን አወጣልሽ። አየሽ፣ ኮሚቴው ፊት አንገቱን ያልደፋ ቡድን ልጅ ራሱ ባለ ኮንትራት ሆነ! በዚያው 1996 ደግሞ ሆንግዴ በሚባለው የሴኡል ሰፈር ክራዪንግ ነት የሚባለው ባንድ ልጆች ድምፃቸው እስኪዘጋ ፓንክ ይጮሁ ነበር። ጋሪ ላይ የተደረደሩት ቅጂ ካሴቶችም እንደ ልብ ይሸጡ ነበር፤ እሱስ እዚህም ነበር፣ ተይው።

በኩባንያዎቹ ላይ ቅሬታ የለኝም ማለቴ አይደለም። ኤች ኦ ቲ በ2001 ሲፈርስ የኮንትራት ጣጣ ነበረበት፤ ሊ ሱማን ከመሠረተው ከኤስ ኤም ጋር የ13 ዓመት ውል የፈረሙት፣ ቲ ቪ ኤክስ ኪው የተባለው ቡድን ሦስት ልጆች በ2009 ፍርድ ቤት ሄዱ፣ መንግሥትም በዚያው ዓመት ነው ከሰባት ዓመት የማያልፍ የውል ናሙና ያወጣው። በ15 ዓመት ልጅ እንቅልፍ መነገድ ነውር ነው፤ ይሄን እናት ሆኜ ነው የምልሽ። ግን ሰው ስለ ልጆቹ ሠሪ ሲያወራ ሰሚዋን ልጅ ይረሳታል፣ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ሲስቁብሽ ደግሞ ይሄን ንገሪያቸው፦ በ2024 «ሺዴ ዩጋም»ን እንደገና ያወጡት ኤስፓ ናቸው፣ ያ ሊ ሱማን የመሠረተው ኩባንያ ያሳደጋቸው አይዶሎች። ኮሚቴው አስነስቶት የነበረውን ግጥም አፋቸውን ሞልተው ዘፈኑት።

አንድ ነገር አድርጊልኝ። ምሳ የምትበዪበት ቤት ያለችው፣ አጁማ የምትያት ሴትዮ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም ብለሽኛል። በዚያን ጊዜ የኤች ኦ ቲ አድናቂዎች ነጭ ፊኛ፣ በዓመቱ የመጣው የሌላው ቡድን የጄክስኪስ አድናቂዎች ደግሞ ቢጫ ይይዙ ነበር፣ ጠባቸውም የዋዛ አልነበረም። የቱን ይዛ እንደነበር ጠይቂያትና እሁድ ስትደውዪ ንገሪኝ። ቢጫ ካለችሽ ስለ ነጩ ከእኔ የሰማሽውን እንዳትነግሪያት።

በርበሬና ሽሮ በሚመጣ ሰው ልኬልሻለሁ፤ በርበሬውን ለሁሉም እያደልሽ እንዳትጨርሺው።

እናትሽ