ሰኞ 7ኛ ክፍል ለምትገባው ልጄ

የኔ እናት፣ ይሄን የምጽፍልሽ ባጃጁን እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር አቁሜ ነው፣ በዚህ ሙቀት 8 ሰዓት ላይ ተሳፋሪ የለም መቼም ታውቂዋለሽ። ቤት ልነግርሽ ሶስቴ ጀምሬ ነበር ግን ወይ ወንድምሽ ይገባል ወይ ስልክ ይደወላል፣ እውነቱን ልንገርሽ ካልሽ ደግሞ ፊት ለፊት ሲሆን ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል፣ ስለዚህ በጽሁፍ ይሁን አልኩ።

የ6ኛ ክፍል ውጤትሽ የመጣ ቀን እናትሽ እልል ስትል ግቢው በሙሉ ወጣ አይደል፣ እኔም ደስ ብሎኛል ወላሂ፣ ግን ከዛን ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ትንሽ ቀንሷል። እስከዛሬ የተማርሽው ቤታችን አጠገብ ነው፣ ዘበኛው በስም ይጠራሻል፣ ሳምቡሳ የምትሸጠዋ እናት እንኳን ስትዘገዪ "ዛሬ አላየኋትም" ብላ ትልክብኛለች። አሁን ግን ከሰፈራችን ከመጋላ ተነስተሽ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረሽ ማንም ወደማያውቅሽ ትልቅ ትምህርት ቤት ልትገቢ ነው፣ ታዲያ እንዴት ልተኛ።

አንድ ነገር ላስታውስሽ። 4ኛ ክፍል እያለሽ አንድ ማታ እራት ላይ በግራ እጅሽ ስትጎርሺ አየሁና "በቀኝሽ ብይ፣ ይሄ ምን የሚሉት ነውር ነው" ብዬ ጮህኩብሽ። ዝም ብለሽ ቀኝ እጅሽን ከጠረጴዛው ስር አውጥተሽ አሳየሽኝ፣ መዳፍሽ አብጦ ነበር፣ የጎማው ሰንበር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደብተር ረስተሽ ነው መምህሩ የመታሽ። እኔስ ያን ጊዜ ምን አልኩ? "ምን አጥፍተሽ ነው?" የመጀመሪያው ቃሌ እሱ ነበር። ያበጠውን እጅሽን ሳልይዝ፣ አመመሽ ወይ ሳልል። እኛን እንደዛ ነው ያሳደጉን፣ መምህር ያለ ምክንያት አይመታም እየተባልን፣ ግን ያደግንበት መሆኑ ልክ አያደርገውም፣ ለዚህ ይቅርታ ጠይቄሽ አላውቅም ነበር፣ አሁን እጠይቅሻለሁ። ይቅር በይኝ ልጄ።

ከዛ በኋላ ምን ሆነ መሰለሽ፣ ትምህርት እንዴት ነበር ስልሽ "ሰላም ነው" ብቻ ሆነ መልስሽ። እኔም ሰላም መሰለኝ። 5ኛ ክፍል ስትገቢ ትልልቆቹ ልጆች በየቀኑ የምሳ ብርሽን እንደሚቀሙሽ ያወኩት ከአንቺ ሳይሆን ከሳምቡሳዋ እናት ነው፣ "ልጅህ ለምንድነው እንደድሮው የማትገዛኝ፣ አልፋ ነው የምትሄደው" ብላኝ። ቤት መጥቼ ስጠይቅሽ "ጣልሽ ትለኛለህ ብዬ ነው" አልሽኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ከበር በር የማደርሰው ሰውዬ የራሴ ልጅ ሁለት ወር ስትራብ አላየሁም ማለት ነው። ዘራፊዎቹን አንቺ ዘንድ ደፋር ያደረጋቸው የኔ "ምን አጥፍተሽ ነው" እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ለወላጅ ስብሰባ የሄድኩትም ለዛ ነው፣ እስከዛ እናትሽ ብቻ ነበረች የምትሄደው። ስለ ግርፋቱ ሳነሳ ግማሹ ወላጅ "ይምቱልን እንጂ፣ እኛስ ተመትተን አይደል ሰው የሆንነው" ብሎ ጮኸብኝ፣ ያን ጊዜ አንድ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ አባት ለልጅ ልጃቸው የመጡ ተነስተው ከኪሳቸው ትንሽዬ መጽሀፍ አወጡና አነበቡ፣ የ1987ቱ ህገ መንግስት አንቀጽ 36፣ ህጻን በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት አለው ይላል። ቤቱ ጸጥ አለ። ብዙ ሰው እንደኔው ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቱ ነበር። ከዛ ቀን ጀምሮ ወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ፣ ወተመህ የሚሉት፣ እና መጀመሪያ የሰራነው ስራ ምን እንደሆነ ነግሬሽ አላውቅም፦ የሴቶች ሽንት ቤት በር ከውስጥ አይቆለፍም ነበር፣ እናቶች ናቸው የነገሩን፣ ልጆቹ እስከ ቤት ይዘው ነበር የሚመጡት። አናጺ የሆነ አንድ አባት መቀርቀሪያ ገዝቶ ቅዳሜ ሁላችንም ሄደን ገጠምነው። ስብሰባ ላይ ብዙ ትልልቅ ነገር ተወርቷል ግን እኔን ከሁሉም የሚያኮራኝ ያ መቀርቀሪያ ነው። አዲሱ ትምህርት ቤትሽም ሂጂና እይው፣ በሩ የማይዘጋ ከሆነ ንገሪኝ፣ ሞዴስ የሚያስፈልግሽ ቀንም ለናትሽ ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም፣ ደውለሽ "አባ አምጣልኝ" በይኝ፣ ስራ ላይም ብሆን አመጣለሁ፣ አላፍርም፣ አንቺም አትፈሪ።

ስለ መንገዱ ልንገርሽ። ደቻቱን በድልድዩ ብቻ ነው የምትሻገሪው። ጓደኞችሽ አሸዋውን አቋርጠው ይሄዳሉ፣ ያሳጥራል፣ አውቃለሁ፣ እኔም ልጅ ሆኜ ኳስ የተጫወትኩት እዛው አሸዋ ላይ ነው። ግን ድሬ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ላይ ደንገጎ ተራራው ጋ ይዘንብና ውሃው ድንገት ይመጣል። በ1998 ክረምት ሌሊት ሰው ተኝቶ እያለ ነው የመጣው፣ ከ200 ሰው በላይ ነው የሞተው፣ ያን ጠዋት ያየሁትን ስታድጊ እነግርሻለሁ አሁን አይደለም። አሸዋው የደረቀ ቢሆንም ድልድይ። 10 ደቂቃ ብታረፍጂ እኔ ለመምህሩ አስረዳለሁ።

ባጃጅ ደግሞ ለ3 ሰው ነው የተሰራው፣ 8 ልጅ ጭኖ ቦርሳቸው ውጭ ተንጠልጥሎ የሚበር ሾፌር ካየሽ፣ የኔ ጓደኛም ቢሆን አትግቢ። ሰው መጥቶ "አባትሽ ነው የላከኝ" ካለሽ ከኔ ወይ ከእናትሽ ጋር በስልክ ሳትነጋገሪ አትሄጂም፣ አጎትሽም ይሁን። አንዴ ኮንትራት የማመላልሳትን የኬጂ ልጅ አንድ ሰው "አጎቷ ነኝ ስጠኝ" አለኝ፣ ልጅቷም እየሳቀች ወደሱ ነው የምትሄደው፣ እኔ ግን እናቷ እስክትደውል አልሰጥም ብዬ ቆምኩ፣ ሰውየው ተቆጣ፣ ሰደበኝ፣ በኋላ እውነትም አጎቷ ሆኖ ተገኘ። ማታ ግን እናቷ መጥታ ስታመሰግነኝ አለቀሰች። ስለዚህ ሰው ይቆጣኛል ብለሽ አትፍሪ፣ የሚወድሽ ሰው በዚህ አይቀየምሽም።

የመጨረሻው ነገር ስልኩ ነው። ገዝቼልሻለሁ፣ መልሼ አልወስድም፣ ለብቻሽ ስትሄጂ እንድትደውዪ ነው የገዛሁት። ግን ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ጋ ይደር፣ የኔም የናትሽም እዛው ያድራል፣ ለአንቺ ብቻ ህግ አላወጣም። ቴሌግራም ላይ የማታውቂው ሰው፣ ወይም የምታውቂው፣ መምህርም ይሁን ትልቅ ልጅ፣ ፎቶ ላኪልኝ ካለሽ፣ ይሄ በኛ መሀል ይቅር ካለሽ፣ እሱን ጽሁፍ አታጥፊው፣ አምጪና አሳዪኝ። ልከሽ ቢሆን እንኳን። ቢያስፈራራሽ እንኳን። የዛን ጊዜ አልጮህም፣ ስልክሽን አልሰብርም፣ አልመታሽም፣ ምን ሆንሽ ብዬ ነው የምጠይቅሽ፣ ከዛ አብረን ነው ወደ ትምህርት ቤቱ ወይ ወደ ፖሊስ የምንሄደው። ምናልባት ለኔ መንገር ቢከብድሽ ለአክስትሽ ንገሪያት፣ ለሷ ነግሬያታለሁ፣ ብቻ ለአንድ ትልቅ ሰው ንገሪ፣ እሱ ካልሰማሽ ለሌላ፣ እሱም ካልሰማሽ ለሶስተኛ፣ የሚሰማሽ እስክታገኚ ድረስ።

ቦርሳሽ የጎን ኪስ ውስጥ ትንሽ ወረቀት አድርጌያለሁ፣ የኔ፣ የናትሽ፣ የአክስትሽ ቁጥር አለ፣ ከስር የፖሊስ 991 ጽፌበታለሁ። ስልክሽ ቻርጅ ቢጨርስም ወረቀት አይጨርስም።

ሰኞ 1 ሰዓት ከሩብ እንወጣለን፣ ባጃጁን ቤት ትቼ በእግር አብረን ነው የምንሄደው፣ ድልድዩን፣ የአስፋልቱን መሻገሪያ፣ የግቢውን በር አሳይሻለሁ፣ ዘበኛውንም እተዋወቀዋለሁ፣ የክፍል ኃላፊ መምህርሽንም። ጓደኞችሽ ያዩኛል ብለሽ ካፈርሽ ከኋላ እከተልሻለሁ፣ ሃያ እርምጃ ርቄ። አሁን አንድ ተሳፋሪ እጁን እያነሳ ነው፣ ልሂድ።

አባትሽ