ፉርጎ ግዙ ከማለታችሁ በፊት የኮንቴይነር ማንሻውን አስቡልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ሰሞኑን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ነጋዴው የራሱን ፉርጎና ኮንቴይነር ገዝቶ በባቡር ይጫን የሚለውን ማለቴ ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን ጸሐፊው አንድም ቀን ኮንቴይነር አስጭኖ የሚያውቅ አልመሰለኝም። እኔ ቢሮዬ ለገሃር፣ መጋዘኔ ቃሊቲ የሆነ የሰሊጥና የጥራጥሬ ላኪ ነኝ። ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ከፉርጎው ልጀምር። አሮጌው ፉርጎ ተጠግኖ ይሠራል ብሎ የሚያስብ ሰው ዛሬም አለ። አይሠራም። የድሮው ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ላይ መደበኛ ሥራ የጀመረው የጅቡቲ መስመር ደግሞ 1.435 ሜትር። አዲስ ፉርጎ ብትገዙም ብቻውን አይሄድ! የሚጎትተው ሎኮሞቲቭ የባቡር ድርጅቱ ነው፣ ተራ የሚሰጠውም እሱው ነው፣ የፉርጎው መጋጠሚያና ፍሬን ከእነሱ ባቡር ጋር ካልገጠመ ደግሞ ጣቢያ ላይ ቆሞ ይቀራል። ማን ይጠግነዋል? ቢበላሽ ወይም ከሀዲድ ቢወጣ ኪሳራው የማን ነው? ይሄ ሁሉ በውል ሳይታሰር ፕሮፎርማ መሰብሰብ ገንዘብ ማቃጠል ነው። ደግሞም አንድ ጠፍጣፋ ፉርጎ የሚይዘው ሁለት ባለ 20 ጫማ ወይም አንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ነው። የሰሊጥ ወቅት ሲያልፍ ይሄ ፉርጎ የት ይቆማል? ለቆመበትስ ማን ይከፍላል? እንደ እኔ ላለ ላኪ ፉርጎ መግዛት የሚያዋጣ ሥራ አይደለም።

ኮንቴይነር ሌላ ጉዳይ ነው። አስመጪ ከሆናችሁ የራሳችሁ መሆኑ ይጠቅማል፤ የመርከብ ድርጅቱ ኮንቴይነሬን አዘገያችሁ ብሎ በቀን የሚቆጥረው ክፍያ ይቀርላችኋል። ባዶውን የመመለሱ ወጪ ግን የእናንተ ነው፣ ይህንን የሚሸጥላችሁ ሰው አይነግራችሁም። ለላኪ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አገራችን ከምትልከው የምታስገባው ስለሚበልጥ ብዙ ኮንቴይነር ወደ ጅቡቲ የሚመለሰው ባዶውን ነው። ባዶው በደጄ እያለፈ እኔ ለምን እገዛለሁ? ችግሬ ንጹሕና ሽታ የሌለው ባዶ ኮንቴይነር በምፈልገው ቀን መጋዘኔ በር ላይ አለማግኘቴ ነው። ኬሚካል የተጫነበት ኮንቴይነር ውስጥ ሰሊጥ አይከተትም።

የግድ እገዛለሁ ላለ ሰው አንድ ነገር ልንገር። አዲስ አበባ ውስጥ ኮንቴይነር ሞልቷል፣ ግማሹ ሱቅ ሆኗል፣ ሌላው የሳይት ቢሮ። ለሱቅ የሚሆን ሁሉ ለጭነት አይሆንም። በሩ ላይ የደኅንነት ሰሌዳ ተለጥፏል፤ የመጀመሪያው ምርመራ ኮንቴይነሩ ከተሠራ በ5 ዓመት ውስጥ ነው፣ ከዚያ በኋላ በየ30 ወሩ፣ ባለቤቱ በተፈቀደለት ቋሚ የቁጥጥር ፕሮግራም የሚከታተለው ካልሆነ በስተቀር። ሰሌዳው የሌለ ወይም ቀኑ ያለፈበት ከሆነ መርከብ ላይ አይወጣም። ውስጥ ገብታችሁ በሩን አዘጉት፤ ጣሪያው ላይ ብርሃን ከታያችሁ ዝናቡም ያንኑ መንገድ ያውቀዋል። ወለሉን እዩ፣ አሽትቱ። አራቱን ማዕዘኖች በደንብ እዩ፣ የሚነሳው በእነሱ ነውና፤ ቀለም ብቻ አይታችሁ አትመለሱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ እናንተም ያለፋችሁት እሱን ነው። ባዶው ኮንቴይነር የባቡሩ ጭነት የሚወርድበትና የሚጫንበት እንዶዴ ወይም ሞጆ ደረሰ እንበል። ከዚያስ? ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባዶውን ብቻ ከ2 ቶን በላይ ነው፤ ሰሊጥ ሲጫንበት 19 ቶን ያህል ይጨመራል። ቃሊቲ መጋዘኔ በር ላይ ባዶውን ማን ያወርደዋል፣ ሲሞላስ ማን ያነሳዋል? ሪች ስታከር፣ ማለትም በረጅም ክንዱ ኮንቴይነር የሚያነሳውን ባለ ጎማ ማሽን፣ ግዛ ይሉኛል። 45 ቶን የሚያነሳው ትልቁ ሪች ስታከር ሙሉ ጭነት ሲይዝ የፊት አክስሉ ላይ የሚያርፈው ወደ 100 ቶን ይጠጋል። የኔ ግቢ ኮብልስቶን ነው፣ ያንን ቢችል ተአምር ነው። ስለዚህ ኮንቴይነሩ ከተሳቢው ሳይወርድ ወዛደር ከመሬት ይጭንበታል፣ መኪናው ለቆመበትም ክፍያ ይቆጥራል። ከባድ መኪና በቀን ከተማ ውስጥ እንደ ልቡ አይገባምና ሥራው ወደ ሌሊት ይገፋል፣ የሌሊት ወዛደር ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው። ባቡሩ ያተረፈልኝ ጊዜ መጨረሻዋ ኪሎ ሜትር ላይ ያልቃል።

እንደኛ ላለው የሚበጀው ክንድ ያለው፣ ራሱ ኮንቴይነር አንስቶ ራሱ መሬት የሚያስቀምጥ ተሳቢ ነው። አስፋልት ሳያፈርስ ይሠራል፣ መኪናውም ኮንቴይነሩን ጥሎ ሌላ ሥራ ይሄዳል። አንድ ላኪ ብቻውን አይገዛውም፣ ብቻውን ገዝቶም ሥራ አያገኝለትም። አምስት ስድስት ሆነን ብንጠቀምበት ግን ያዋጣል።

ይህንን ይዘን አንድ የካፒታል ዕቃ አከራይ፣ ማለትም ማሽን ገዝቶ የሚያከራይ ድርጅት ዘንድ ሄድን፣ ስሙ ይቅር። የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ ቁጥር 103/1990 ከወጣ ስንት ዘመኑ። ዕቃው በአከራዩ ስም ይሆናል፣ እኛ እየከፈልን እንጠቀማለን፣ መክፈል ካቃተን መጥቶ ይወስደዋል። ዋስትናው ራሱ ዕቃው ነው ማለት ነው። ሰውየው ግን አንገቱን ነቅንቆ «የቤት ካርታ አላችሁ?» አለን። ካርታ ያለው ሰው መደበኛ ብድር ይወስድ የለ እንዴ? በዚያ ላይ በጋራ መከራየት የሚባል ቅጽ የለንም አለን፤ ወይ አንዳችሁ በስማችሁ ውሰዱ፣ ወይ አክሲዮን ማኅበር መሥርቱ። ለአንድ ተሳቢ!

እናንተ ጋዜጠኞች ናችሁ፣ በር ይከፈትላችኋል። ሁለት ጥያቄ ጠይቁልን። የካፒታል ዕቃ አከራዮቹን፣ ላኪዎች በጋራ ለሚጠቀሙበት ማንሻ ዕቃው ራሱ ዋስትና የማይሆነው ለምን እንደሆነ። የባቡር ድርጅቱን ደግሞ፣ የግል ፉርጎ ያለው ሰው በምን ታሪፍና በምን ውል እንደሚያስጎትት በጽሑፍ የሚሰጠን ነገር ካለ። መልሱን እንዳለ አትሙት፤ ከዚያ በኋላ ፉርጎ ግዙ ብትሉን እንሰማችኋለን።

አንድ ላኪ፣ ከለገሃር