ፒሮዥኪ ሳምቡሳ አይደለም፣ እባካችሁ አርሙልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም እንዴት ናችሁ። ባለፈው ሳምንት የምግብ ዓምዳችሁ ላይ ፒሮዥኪን፣ ማለትም ሊጥ ውስጥ ሥጋ ወይም አትክልት ተደርጎ የሚጠበሰውን የሩሲያ ምግብ፣ «የሩሲያ ሳምቡሳ» ብላችሁ ያወጣችሁትን አሠራር አይቼ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው የምጽፍላችሁ። ጋዜጣችሁን ለዓመታት ያነበብኩ ሰው ነኝ፣ ለክፋት እንዳታዩብኝ፣ ግን ያ ጽሑፍ መታረም አለበት።

ነገሩን ያወቅኩት በጎረቤቴ ልጅ ነው። እሁድ ዕለት በሳህን የሞላ ጥብስ ነገር ይዛ መጣችና «ጋሼ እርስዎ ራሽያ ተምረዋል አይደል፣ እስኪ ይቅመሱልኝ» አለችኝ። አንዱን ገመጥኩት፣ ላዩ ጠቁሯል፣ ሊጡ ድርቅ ብሏል፣ መሃሉ ላይ ሥጋው ገና ቀይ ነው። ልጅቷ ፊቴን አይታ ገባት። በዛሬ የሥጋ ዋጋ አንድ ኪሎ ገዝታ፣ ጋዜጣው ያለውን አንድም ሳትዘል ሠርታ እንደዛ ሲወጣባት በጣም አዘንኩ፣ ጥፋቱ ደግሞ የሷ አይደለም። ጽሑፉ ያለ እርሾ የተቦካ ወፍራም ሊጥ ውስጥ ጥሬ የተፈጨ ሥጋ በማንኪያ ሙሉ አድርጉና ጥበሱ ነው የሚለው፣ እንደዛ ተሠርቶ ደግሞ ማንም እጅ ላይ አይበስልም።

እኔ በ1978 ዓ.ም. ወደ ሶቪየት ኅብረት ለትምህርት ከሄዱት ልጆች አንዱ ነኝ። መጀመሪያ ቮሮኔዥ ከተማ አንድ ዓመት ፖድፋክ ገባን፣ ፖድፋክ ማለት ቋንቋ የምንማርበት የመሰናዶው ክፍል ነው፣ እዛ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። ክረምቱ ሲገባ ከክፍል ወጥተን አውቶቡስ የምንጠብቅበት ቦታ ላይ ነጭ ሽርጥ ያደረጉ ሴቶች ሙቀት ከሚይዝ ሣጥን ውስጥ ትኩስ ፒሮዥኪ በቁራጭ ወረቀት ጠቅልለው ይሸጡ ነበር፣ ዋጋው ጥቂት ኮፔክ ነው፣ የተማሪ ኪስ ይችለዋል። የሥጋ አለ፣ የጉበትና የሳንባ አለ፣ የጎመን፣ የድንች፣ የሩዝና እንቁላል፣ የማርማላታም አለ። ብርዱ ጣት ሲቆርጥ ያንን በሁለት እጅ ይዞ መቆም እንዴት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

አሠራሩን ያስተማሩኝ ግን የዶርማችን ጠባቂ የነበሩ ትልቅ ሴት ናቸው። ቲዮትያ እያልን ነበር የምንጠራቸው፣ አክስቴ እንደማለት ነው። እሁድ እሁድ የፎቁ የጋራ ኩሽና ውስጥ ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ ሽንኩርት እከትፍላቸው ነበር። ስሙን ያስረዱኝም እሳቸው ናቸው፣ ፒሮግ ማለት ትልቁ በምድጃ የሚጋገረው ነው፣ ትንሹ ፒሮዦክ ይባላል፣ ሲበዛ ፒሮዥኪ። እናንተ ያወጣችሁት ከሁሉም ለቼቡሬክ ነው የሚቀርበው፣ እሱ የክሪሚያ ታታሮች ምግብ ነው። ቼቡሬክ እርሾ የለውም፣ ሥጋውም ጥሬ ይገባል፣ እውነት ነው፣ ግን ሊጡ እንደ ወረቀት ስስ ነው፣ ሥጋውም በስሱ ተቀብቶ ነው የሚታጠፈው፣ ለዛ ነው ቶሎ የሚበስለው። ቤልያሽ የሚባለውም ጥሬ ሥጋ ይገባበታል፣ እሱም ከታታሮችና ከባሽኪሮች የመጣ ክብ ነገር ነው፣ አናቱ ላይ ቀዳዳ ይተውለታል። ሦስቱን አንድ ላይ ደባልቃችሁ ነው ሰው የተቸገረው።

የፒሮዥኪ ሊጥ ከሳምቡሳ ይልቅ ለቦምቦሊኖ ነው የሚቀርበው፣ ኩፍ ያለ፣ ለስላሳ። እኔ ቤት እንዲህ ነው የምሠራው። ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ 250 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ አንድ እንቁላል፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ሊጡ እጅ ላይ ትንሽ እስኪጣበቅ ለስለስ ማለት አለበት፣ ተጣበቀ ብላችሁ ዱቄት አትጨምሩበት፣ 10 ደቂቃ ያህል ሲታሽ ራሱ ይለቃል። ከዛ ተሸፍኖ እጥፍ እስኪሆን ይቀመጣል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጥ ከቮሮኔዥ ቶሎ ኩፍ ይላል፣ ሰዓት እያያችሁ አትጠብቁ፣ ሊጡን እዩት። እኔ እንደተመለስኩ የቲዮትያን ሰዓት እየጠበቅኩ ስንቴ ኮምጥጦብኛል።

ሥጋው ደግሞ በስሎ ነው የሚገባው፣ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ግማሽ ኪሎ የበሬ ሥጋ በጨውና በቁንዶ በርበሬ ተቀቅሎ በደንብ ይበስላል። እዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሁለት ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል፣ አትቸኩሉ። ከዛ ይፈጫል። ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት በቅቤ ቀስ ተብሎ ወርቃማ እስኪሆን ይጠበስና ይቀላቀልበታል፣ በመጨረሻ የራሱን መረቅ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመሩ ማርጠብ ነው፣ መረቁን ከደፋችሁት ሥጋው አሸዋ ይሆንባችኋል። ቲዮትያ ኡክሮፕ የሚሉትን እንስላል የሚመስል ቅጠል ከትፈው ይጨምሩበት ነበር። በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ የሚጨምር አለ፣ ልጆቼም ይጨምራሉ፣ እኔ አልወደውም፣ የሽንኩርቱንና የመረቁን ጣዕም ይውጠዋል። ሥጋው ሳይቀዘቅዝ ሊጥ ውስጥ እንዳታስገቡት፣ ሙቀቱ ሊጡን ያቀልጠውና ይቀደዳል።

ሊጡ የእንቁላል መጠን እየተቆረጠ 16 ወይም 17 ይወጣዋል። በመዳመጫ ሳይሆን በእጅ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ መሃሉ ላይ አንድ ማንኪያ ሥጋ፣ ጠርዙን ቆንጥጦ መዝጋት። እጃችሁን ዱቄት ሳይሆን ዘይት ቀቡት፣ ዱቄቱ መጥበሻው ውስጥ ወርዶ ይቃጠልና ዘይቱን ያጠቁረዋል። 10 ደቂቃ አሳርፏቸው፣ ከዛ የተቆነጠጠበት በኩል መጀመሪያ ወደ ታች ሆኖ ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ስፌቱ ወዲያው ስለሚይዝ አይከፈትም። ዘይቱ ግማሽ ጎናቸው ድረስ ይድረስ፣ የሱፍ ዘይት ጥሩ ነው። መካከለኛ እሳት፣ 170 ዲግሪ ገደማ፣ ቴርሞሜትር ከሌለ ቁራሽ ሊጥ ጣል አድርጉበት፣ ቀስ ብሎ እየተፍለቀለቀ ከተንሳፈፈ ደርሷል፣ ወዲያው ከቀላ ግን እሳቱ በዝቷል። በአንድ ጊዜ መጥበሻውን አትሙሉት፣ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ሊጡ ዘይት ይጠጣል።

ለፆም ጊዜም ይሆናል። ሩሲያዎቹም ኦርቶዶክስ ናቸውና በፆማቸው በወተትና በእንቁላል ፋንታ ውሃ አድርገው ያቦኩታል፣ ውስጡ ጥቅል ጎመን በሽንኩርትና በካሮት ተጠብሶ፣ ወይም ድንች። የጎመኑ እኔ ቤት ከሥጋው እኩል ነው የሚወደደው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ማረሚያ እንድታወጡ ነው፣ በዛው ዓምድ ላይ፣ «ሳምቡሳ» የሚለውን አንስታችሁ፣ ሥጋው በስሎ እንደሚገባ ጉልህ አድርጋችሁ። ጥሬውን የጠበሱ ሌሎች ቤቶችም ይኖራሉ፣ ልጆች ይበሉታል። እኛ የፊታችን እሁድ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር እንደገና ልንሠራው ተቀጣጥረናል፣ ሥጋውን እኔ እገዛለሁ ብያታለሁ።

አክባሪያችሁ
አንባቢያችሁ ከአዲስ አበባ